ባለ አንድ ዓይኗ ወይዘሮ

መካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ በረንዳ ላይ፣ ከስፌት መኪናዬ ጋር አርባ ዓመት ተቀምጫለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን «ዝም በል» ብሎኝ የተሳካለት ሰው የለም። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሞክራለች። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበርም ሞክሯል። አፌን ዘግቼ ያመሸሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በሰው አገር፣ ዓለም በሚያውቀው የስዕል ሙዚየም ውስጥ፣ ለልጅ ልጄ ስል።

ከአቀስታ እስከ ወግዲ የማያውቀኝ የለም፤ ግን አንባቢ ከሌላ አገር ሊሆን ይችላልና ማንነቴን ላስቀድም። የተማሪ ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ስፌት የተማርኩት አንድ አሮጌ ኮት ፈትቼ፣ ቁርጥራጩን መሬት ላይ ዘርግቼ፣ መልሼ በመግጠም ነው። እንግሊዝኛን ደግሞ ከሬዲዮና ከአንድ መዝገበ ቃላት ቀሰምኩ። የመዝገበ ቃላቱ የመጀመሪያ ገጾች ተቀደው ስለነበር በመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት የሚጀምሩ ቃላት ትንሽ ያስቸግሩኛል፤ የቀረው በእጄ ነው።

ከሁሉ የምኮራው ግን በስዕል አንባቢነቴ ነው። የደብራችን መቅደስ ግድግዳ ዙሪያውን በስዕል የተሸፈነ ነው። በንግሥ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሕዝብ ስዕሉን ይሳለማል እንጂ ታሪኩን የሚነግረው አልነበረም። መቋሚያዬን ይዤ እኔ ጀመርኩት። ካህናቱ መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ ኋላ ሕዝቡ እኔን መጠየቁን አልተው ሲል ተዉኝ። መጀመሪያ የማስተምረው ዓይንን ነው። ጻድቅ ሙሉ ፊቱን ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ ክፉ ግን ፊቱን አዙሮ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ ይሳላል። ይህን ከተናገርኩ በኋላ አንድ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ፣ መቋሚያዬን ወደ ግድግዳው ቀስሬ «ይኼስ ማነው?» እላለሁ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ይሁዳ!» ይላል።

የልጄ ልጅ ያደገችው እኔ ዘንድ ነው። ያን ስትሰማ አድጋ፣ የስዕል ታሪክ ልትማር አውሮፓ ሄደች። ከማን እንደወረሰችው መናገር አያስፈልገኝም። ባለፈው ዓመት ለአንድ ወር እንድጎበኛት ጋበዘችኝ፤ ሄድኩ። ስለ አውሮፕላኑ አልጽፍም፤ የተሳፈረ ሁሉ ይጽፈዋል። ስለ ብርዱም አልጽፍም፤ የአቀስታን ንፋስ የሚያውቅ ሰው ያን ብርድ አይለውም።

ስደርስ ልጅቷ ከስታለች። ነገሩን ቀስ በቀስ አወጣጣሁ። በዚያ ዝነኛ ሙዚየም፣ ሕዝቡ ከወጣ በኋላ፣ ማታ ማታ ጥቂት ሰዎችን እያዞሩ የሚያስጎበኙ አሉ። ሥራውን ጠይቃ ሙከራ ሰጥተዋት ነበር። ያጠናችውን ከወረቀት በቃሏ ይዛ ሄደች፤ መሐል ላይ አንዲት መስመር ጠፋባት፤ መስመሯ ስትጠፋ ሁሉም አብሮ ጠፋ። ሁለተኛ ዕድል ሰጧት፤ ሦስተኛ የለም። ሥራው ከቀረ ደግሞ እዚያ መቆየት አትችልም፤ ትምህርቷን ግማሽ ላይ ጥላ መመለሷ ነው። ሌሊት ሌሊት ከግድግዳው ወዲያ እንደ ዜማ ተማሪ እያነበነበች ስትሄድ እሰማታለሁ። አንድ ቦታ ስትደርስ ትቆማለች፤ ከዚያ እንደገና ከሀ።

በዋዜማው እራት ላይ «አባባ፣ ነገ ማታ ከጎብኚዎቹ አንዱ ይሁኑልኝ» አለችኝ። «ቡድኑ ስምንት ሰው ነው፤ አንድ ጎድሎብኛል።»

«እመጣለሁ እንጂ! ከፈለግሽ ሰባቱን እኔ አስረዳልሻለሁ።»

«እኔስ የፈራሁት እሱን አይደል!» ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ይስሙኝ። አለቃዬ ከኋላ ሆና ትከታተለኛለች። ዘመዷን ሰብስባ መጣች እንድትል አልፈልግም። እኔ አላውቅዎትም፤ እርስዎም አያውቁኝም።»

«እኔን? የማላውቅሽ?»

«ለአንዲት ማታ! ደግሞ አንድ ቃል እንዳይወጣዎት።»

«አንድም ቃል?»

«አንድም። በሞቴ፣ አባባ።»

በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል። እሺ አልኩ። ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሷ የፈራችው ወረቀቷን ነበር፤ እኔ የፈራሁት አፌን።

በማግሥቱ ራሴ የሰፋሁትን ጥቁር ኮት ለብሼ በሰዓቱ ተገኘሁ። ከእኔ ሌላ ያረጁ ባልና ሚስት፣ ሁለት ተማሪ የሚመስሉ ወጣቶች፣ አንዲት እናት ከትልቅ ልጇ ጋር፣ አንድ ቀይ ጢም ያለው ረጅም ሰው ነበሩ። አለቃዋ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሸበቶ ሴትዮ ናት፤ ደብተርና እርሳስ ይዛለች። የልጅ ልጄ ለእያንዳንዳችን ጆሮ ውስጥ የሚሰካ ማዳመጫ አደለች። እኔ ጋ ስትደርስ እንደ ማንም መንገደኛ «እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ በእንግሊዝኛ። ራሴን ነቀነቅሁ። ከአቀስታ እስከ ወግዲ የሚታወቅ ሰው፣ እንዲህ ማንም ሆኜ ቆምኩ።

ማዳመጫውን ስሰካ ድምፅዋ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። እሷ ከፊት እየሄደች ትናገራለች፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ምራቋን ስትውጥ ሳይቀር እሰማታለሁ።

ሙዚየሙ ሕዝብ ሲወጣለት ባዶ ቤተ መንግሥት ነው። የእንጨቱ ወለል ከጫማችን በታች ያቃስታል። ስዕሎቹ አንዳንዶቹ የእኛን ቤት ግድግዳ ያክላሉ። መጀመሪያ ያቆመችን ካባ የለበሰ ንጉሥ ፊት ነው። ጥሩ ጀመረች። እኔ ግን ዓይኔ እጅጌው ላይ አረፈ፤ ትከሻው ላይ ተዛብቶ የተገጠመ ነው። ይህን እንኳን እኔ፣ መርፌ ከያዘ ሳምንት የሞላው ልጅ አይሠራውም። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ምላሴን ነከስኩ። ለአነጋገር አይደለም፤ እውነት ነከስኩት፤ ደም ደም አለኝ።

ሁለተኛው ክፍል ውስጥ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ አየኋት። ሌሎቹ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ስለ ቀለሙ ይሰማሉ። እኔ አልቻልኩም፤ ጎንበስ ብዬ ወለሉን በእጄ ነክቼ እጄን ሳምኩ። ባለ ቀይ ጢሙ ሰው የወደቀብኝ ነገር ያለ መስሎት እሱም ተንበርክኮ አብሮኝ ወለሉን መፈለግ ጀመረ። ምን ልበለው? ቃል ተከልክያለሁ። የሆነ ነገር እንዳገኘሁ ሁሉ ኪሴን መታ መታ አደረግሁለት። ደስ ብሎት ተነሣ።

ሦስተኛው ክፍል ጠበብ ያለ ነው። ገና ስገባ ደነገጥኩ። አንዲት ወይዘሮ ተስላለች፤ አንገቷ ረጅም፣ ግንባሯ ሰፊ፣ የወርቅ ክር የገባበት ቀሚስ ለብሳለች፤ ዕንቁዋ ተደርድሯል። ግን ፊቷን ወደ ጎን አዙራለች። አንድ ዓይን! እንዲህ ያለ ቀሚስ የሚሰፋላት ሴት ምን ብትበድል ነው እንደ ይሁዳ የተሳለችው? ባሏን መርዛ ይሆን? የልጅ ልጄ ስለ ቀሚሱና ስለ ዕንቁው ትናገራለች፤ ስለ ዓይኑ ምንም። ጥያቄው ጉሮሮዬ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። መልሼ ዋጥኩት።

እኔ የዋጥኩትን ግን ባለ ቀይ ጢሙ ሰው አወጣው። እጁን አነሣና ጠየቀ። ሁሉንም ቃል ሰማሁ አልልም፤ በጣቱ ከግንባሩ እስከ አገጩ መስመር ሲያሰምር ግን ገባኝ። ለምን ከጎን ተሳለች ነው ያለው።

ያ በወረቀቷ ላይ አልነበረም።

«እ...» አለች። ከዚያ ምንም። ጆሮዬ ውስጥ ትንፋሿ ቆመ። አንድ ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ጆሮህ ውስጥ መስማት ከባድ ነገር ነው። ሴትዮዋ ደብተሯን ገለጠች። ባልየው ሰዓቱን አየ። ልጄ ወይዘሮዋን አየች፣ ወለሉን አየች፤ ማታ ማታ ከግድግዳው ወዲያ የምትቆምበት ቦታ ላይ እንደደረሰች አወቅሁ፤ አሁን ግን ወደ ሀ መመለሻ የለም።

በዚያች ሰዓት መልሱን አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር። አንድ እርምጃ ወደፊት ወጥቼ፣ ያለ መቋሚያም ቢሆን፣ ክፍሉን ሁሉ ማስረዳት እችል ነበር። እግሬም ተነሥቶ ነበር። ግን እኔ ካስረዳሁ ሥራው የማን ይሆናል? እግሬን መለስኩ። ከአፌ የወጣችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ አገራችን እስላሙም ክርስቲያኑም የተጨነቀ ሰው ሲያይ የሚላት።

«አብሽሪ።»

ቀስ ብዬ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ግን እንደ ደወል ጮኸች። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሴትዮዋ እርሳሷን አቆመች። ገደልኳት አልኩ በልቤ፤ በገዛ አፌ ገደልኳት።

ጆሮዬ ውስጥ ግን ትንፋሿ ተመለሰ። ረጅም ትንፋሽ ነበር። ከዚያ ሳቅ የምትመስል ነገር። ቀና ብዬ ሳይ ልጄ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍናለች፤ በሌላኛው እጇ ወይዘሮዋን ታሳያለች። ልክ እንደ እኔ!

«በተወለድኩበት አገር» አለች፣ «አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። እዚያ ግድግዳ ላይ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ሁሉ ክፉ ነው። ይህን ያስተማሩኝ አያቴ ናቸው፤ ይኸው እናንተ ጋ ቆመዋል።»

የኮቴን አንገትጌ አስተካከልኩ።

ሰዎቹ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ማን ሁለት ዓይን አለው፣ ማን አንድ ዓይን ብቻ እያሉ ይፈልጉ ጀመር። አሮጊቷ አንድ ዓይኗን ሸፍና ባሏን አየችና «የእኔስ ከተጋባን ጀምሮ በአንድ ዓይኑ ነው የሚያየኝ» አለች።

«አንቺን በሁለቱም ማየት አደገኛ ስለሆነ ነዋ!» አለ ባልየው። ወጣቶቹ ሳቁ። ሴትዮዋም ሳቀች፤ በደብተሯ አፏን ሸፍና።

ሳቁ ሲበርድ ልጄ የጠፋባትን አገኘችው። በዚህ አገር ግን ልማዱ ሌላ ነበር አለች። ባለጠጎቹ በጥንት ነገሥታት ሳንቲም ላይ እንዳለው መልክ መሳል ያምራቸው ነበር፤ ሳንቲም ላይ የንጉሥ ፊት ከጎን ነው የሚቀረጸው። ወይዘሮዋ ክፉ አልነበረችም፤ ንግሥት መምሰል አምሯት ነው።

ሳንቲም ስትል እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ እስክትሞት አንገቷ ላይ ጠገራ ብር ታስር ነበር። ጠገራው ላይ ያለችው ሴት ከጎን ናት፤ አንድ ዓይን። ያቺን ሴት ማንም ክፉ ብሏት አያውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ ዓይን ሳስተምር፣ እናቴ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን አላየሁም። ፊደል ቤት የገባ ሰው ቢሆን እዚያው ይከራከር ነበር። እኔ ግን ራሴን ያስተማርኩ ስለሆንኩ ራሴን ማረምም እችላለሁ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ቀለል አለኝ፤ ያን የመሰለ ቀሚስ የለበሰች ሴት ባሏን መርዛለች ብዬ ማሰቡ ከብዶኝ ነበር።

የቀሩትን ሦስት ክፍሎች ልጄ ወረቀቷን አንዴም በልቧ ሳታነብ ጨረሰች። እንዴት አወቅህ ብትሉኝ፣ ትንፋሿ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

መውጫው ላይ አለቃዋ ወደ እኔ መጣች። የት እንደተማርኩ ጠየቀችኝ። ክልከላው አልቋልና በእንግሊዝኛ «ትምህርት ቤቱ እኔ ነኝ» አልኳት። የተረዳችኝ ይመስለኛል፤ ጨብጣኛለች። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ «ሰኞ ማታ ቡድን አለሽ» አለቻትና ሄደች።

ውጭ ደረጃው ላይ ልጄ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፤ የቱ እንደሚበልጥ አልለየሁም። ኮቴን አውልቄ ትከሻዋ ላይ ጣልኩላት።

«ቃልዎን አፈረሱ፣ አባባ።»

«አንድ ቃል ነው ያፈረስኩት።»

«አንዲትም አላልኩም?»

«ብለሻል። እጅጌው የተዛባውን ንጉሥ አይተሽዋል? ስለሱ ምንም አልተናገርኩም። ይኼንን ለምን አትቆጥሪልኝም?»

ሳቋ በለጠ። ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ከመጣሁ ጀምሮ እንዲያ ከብዳኝ አታውቅም፤ የሰው ሁሉ ክብደት የሚለቀቀው ሲያርፍ ነው።

አገሬ ከገባሁ በኋላ ይህን ሁሉ በረንዳዬ ላይ ተናግሬያለሁ። ስለ ሙዚየሙ አመኑኝ። ስለ ወይዘሮዋም አመኑኝ። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ግን መዶሻውን አስቀምጦ «ሁሉም ይሁን፤ አንቱ ዝም አሉ የሚለውን ግን በየትኛው ታቦት ልመን?» አለኝ።

«ልጅቱ ምስክሬ ናት» አልኩት።

«እንግዲያ ይደውሉላትና ትንገረና!»

ስልኬን አውጥቼ ነበር። ቀኑን አሰብኩና መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ሰኞ ማታ ነበር፤ ሥራ ላይ ናት።