ጠቅ የሚለው ድስት

የልጅ ልጆቼ ባለፈው ተሰብስበው መጡና «ሳፍታ፣ የሩዙን ነገር ንገሪን» አሉኝ። ሳፍታ የሚሉት በዕብራይስጥ አያት ማለታቸው ነው። ትልቋ ልታገባ ነው፤ ለአዲሱ ቤቷ የሩዝ ማብሰያ ልግዛ አልግዛ ብላ ከእጮኛዋ ጋር ተከራክራለች። እሱ «ድስት ምን አነሰው?» ይላል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ትጽፋለች። «አንቺን የሚነካ ቦታ ስንደርስ እንዳትዘልዪው» ብያታለሁ፤ ትስቃለች።

እንግዲህ ጎንደር በእኛ ቀዬ ሩዝ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። እዚህ በመጣንበት አገር፣ አፉላ ከተማ፣ ግን ልጆቹ ሌላ አይቀምሱም። ልጄ የምትኖረው ሃይፋ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ ሁለቱን ልጆቿን ታመጣልኛለች። ይህ የሆነ ጊዜ ትንንሾች ነበሩ። ወጥ ሳቀርብላቸው ያሸቱት ብቻና «ሳፍታ፣ ሩዝ የለም?» ይላሉ። ምድር ቤት ያለችው ጎረቤቴ፣ እሷም የጎንደር ሰው ናት፣ አሠራሩን አሳየችኝ። ውሃው ይፈላል፣ ሩዙ ይገባል፣ እሳቱን ትንሽ ታደርጊና ትከድኚዋለሽ፤ ከዚያ አትነኪውም።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወጥ ስትሠሪ ማማሰያሽን ይዘሽ አጠገቡ ትቆሚያለሽ። ሩዝ ግን ተከድኖ ዝም ይላል። እኔ ዝም ያለ ነገር አጠገብ መቆም አልችልም፤ እግሬ አይቀመጥም። በረንዳ እወጣለሁ፣ ሸለቆውን አያለሁ፣ ከአውቶቡስ ማን እንደወረደ አያለሁ፣ ልብስ ለማስጣት እወርዳለሁ፣ ጎረቤቴ በሯ ላይ ካለች አንድ ሁለት ቃል እንለዋወጣለን። ስመለስ ሩዙ አሮ ከድስቱ ጋር አንድ ሆኗል። አንዴ አረረ። ደግሞም አረረ። ድስቱን በሽቦ ብፈትገው፣ ጨው ብነሰንስበት፣ አልለቅ አለ።

በሦስተኛው ጊዜ፣ ልጄ ልጆቿን ልትወስድ ስትመጣ ደረጃው ላይ ጭስ ተቀበላት። እኔ ታች ልብስ አሰጣለሁ። እየሮጥኩ ስወጣ ልጆቹ እየሳሉ ቴሌቪዥን ያያሉ፣ ድስቱ ውሃ ውስጥ ተከቶ ይጨሳል፣ እሷ መስኮት ትከፍታለች።

«እማ፣ ልጆቹ እኮ ውስጥ ናቸው!»

«አሁን ነው የወረድኩት፣ አሁን!»

«አሁን አይደለም። ረስተሽው ነው።»

አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን ያዘች። «ብቻሽን መኖር ከእንግዲህ ይቅርብሽ። በሚቀጥለው ትምህርት ሲዘጋ መጥቼ ዕቃሽን እናነሣለን። ከእኔ ጋር ትሆኛለሽ» አለች። ልጄ ደግ ናት፣ ቤቷም ሰፊ ነው። ግን እዚያ ሕንፃ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሰው የለም። ወጥቼስ ወዴት እሄዳለሁ?

ከሁሉ የባሰብኝ ግን ሌላ ነው። እውነቷን ቢሆንስ? የእናቴ እህት በስተርጅናዋ የገዛ ልጇን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ትለው ነበር። እኔም ራሴን መፈተን ያዝኩ። ልብስ ሳጥፍ የአባቴን ከብቶች አንድ በአንድ እጠራለሁ፤ ቦራው፣ ዳለቻው፣ ጉራቻው፣ አንድ ቀንዷ የተሰበረው ላም። አንዷ ከጠፋችብኝ እስክትመለስ ድረስ እህል አይወርድልኝም።

እንዲህ እያለሁ አንድ ቀን ከመሀል ከተማ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ካርቶን የታቀፈች የአገሬ ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። «ምን ገዝተሽ ነው?» አልኳት። «የሩዝ ድስት ነው፤ በኤሌክትሪክ። ሲበስል ራሱ ጠቅ ይልና ማብሰሉን ይተዋል። ብትተኚም አያርም» አለችኝ። መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ፤ እስከ መጨረሻው ስጠይቃት ነበር።

ለጎረቤቴ ብነግራት ሳቀችብኝ። «ኧረ እቴ! ለሩዝ ማሽን? ነገ ደግሞ የሚያኝክልሽ ትገዣለሽ!» ቢሆንም አብራኝ ሄደችና ገዛን። የመጀመሪያ ቀን ሁለታችን ወንበር ስበን ፊት ለፊቱ ተቀመጥን።

«ይሰማሻል?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«እኔ እንጃ። ምንም አይልም።»

ከዚያ ጠቅ አለ። ጎረቤቴ ብድግ ብላ «ሞተ?» አለች። ስንከፍተው ነጭ ሩዝ፣ ፍሬው ከፍሬው ያልተጣበቀ። አንድ ማንኪያ ጎርሳ «ደግ ነው፤ ማኘኩን ለእኛ ትቶልናል» አለች።

ትምህርት ተዘጋና ልጄ መጣች። ባዶ ካርቶኖች በመኪናዋ አምጥታለች። እኔ ሩዙን ጥጄ ነጠላዬን ለበስኩ። «ነይ እስቲ፣ ልጆቹንም ይዘሽ፣ ዞር ዞር እንበል።»

«የጣድሽው የለም?»

«አለ። ሩዝ ነው።»

«እማ!»

«ነይ አልኩሽ።»

መንገዱ እስከሚያልቅበት፣ ሸለቆው ወለል ብሎ እስከሚታይበት ድረስ ወሰድኳቸው። እሷ በየእርምጃው ዞር እያለች ሕንፃውን ታያለች፤ ጭስ ትፈልጋለች። እኔም ደፋር መስዬ እንጂ በጎን አያለሁ። ስንመለስ ደረጃው ላይ ሁለታችንም እናሸት ነበር። የሸተተን የሰው ቤት ጥብስ ብቻ ነው። ክዳኑን ከፈተች፣ እንፋሎቱ ፊቷን አለበሰው፣ ቆማ በላች። ልጆቹ «ለእኛስ?» እስኪሏት ድረስ በላች። በኋላ «ካርቶኖቹን የሚፈልግ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ከዚያን ቀን በኋላ ከብቶቹን መቁጠር ተውኩ።

ስለዚህ አንቺ የልጅ ልጄ፣ ልግዛ ወይ ላልሽኝ፣ ድስቱ አጠገብ መቆም ከቻልሽ አትግዢ፤ ቦታ ይይዛል፣ ብረት ማንኪያ ከነካው ውስጡ ይላጣል፣ ብዙ እንግዳ ሲመጣም አይበቃም። እንደኔ እግርሽ የሚዞር ከሆነ ግን ግዢ፣ እጮኛሽም ዝም ይበል።

ከዚያ ከሩዙ ነገር ብዙ ዓመት በኋላ ያ የጋዝ ምድጃዬ ተበላሽቶ አዲስ ገባልኝ። አሁን የምታገባዋ የልጅ ልጄ ያኔ ወታደር ነበረች፤ ለእረፍት መጥታ ምስር ጣደችልኝ። ማዞሪያውን ስታዞረው፣ ትልቁን እሳት አልፋ እስከ ጥጉ ወሰደችው። «ኧረ ተይ፣ አታቃጥዪው፤ ትንሽ አድርጊው» አልኳት።

«ትንሹ እኮ ይሄ ነው፣ ሳፍታ። ጎንበስ ብለሽ እዪው።»

ጎንበስ አልኩ፤ እውነቷን ነው። እኔ እንደ ፋኖስ፣ ጥቂት ሲያዞሩት ትንሽ እሳት የሚሰጥ መስሎኝ ጥቂት ብቻ ነበር የማዞረው፤ ያን የሚያረውን ሩዝም እንደዚያ ነበር የምጥደው።

«አሮጌው ምድጃም እንደዚህ ነበር?»

«ሁሉም እንደዚህ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ትልቁ ነው» አለችኝ።