በደሴቲቱ መቃብር ላይ የዘረጋሁት ገመድ

ነገሩ የተጀመረው ጥቅምት ሃያ ሰባት ቀን፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው ገመዱን ከመዘርጋቴ በፊት በደብተሬ ስለ ጻፍሁት ነው። ያኔ ሁሉን ነገር እጽፍ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ነቀምት ተልኬ ታሪክ አስተምራለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለሚያስፈራኝ ከአፌ ይልቅ እርሳሴን አምን ነበር።

ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ወንዙ ለሁለት ይከፈልና መልሶ ይገናኛል። መሐል ላይ የቀረችው ደሴት በኅዳር በሽታ ጊዜ የሞቱት የተቀበሩባት ናት። በሽታው ውኃ አይሻገርም ብለው ነው አሉ ሬሳውን ሁሉ ወደዚያ ያሻገሩት። አገሬውም ነጋዴውም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነው የተኛው። ድንጋይ የቆመለት ጥቂቱ ነው፣ የቀረው ሣር ለብሷል። በየዓመቱ ክረምት ወጥቶ ውኃው ሲጎድል፣ ማንም ሳያዛቸው ማጭድ ይዘው በግንድ ላይ እየተሻገሩ ሣሩን የሚያጭዱ፣ የዘመመውን ድንጋይ የሚያቃኑ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ።

በዚያ ዓመት የመሬቱ ባለርስት ወኪል መጣና «ያጠራችሁት የናንተ ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለው ዘንድሮ ይታረሳል፣ በቆሎ እንዘራበታለን» አላቸው። አጥሩ ከኅዳር አጋማሽ በፊት መቆም ነበረበት። ሰዎቹን የሚያስተባብረው አንድ የጉራጌ ባለሱቅ ነው። የአጥሩን የባሕር ዛፍ እንጨት እሱ ሊያመጣ፣ መስመሩን ደግሞ የሱቁ ደንበኛ የሆንሁት እኔ ልለካ ተስማማን።

የትምህርት ቤቱን ገመድ በየሜትሩ ቋጠርሁና ዳሩን እየዞርሁ ችካል መታሁ። ትልቁ ክንድ በሚያልፍበት፣ የወንዙ በኩል በምንለው ዳር ግን ውኃው አፈሩን እየበላው ነበር። የመቃብር ድንጋይም አላየሁበትም። ስለዚህ አጥሩ እንዳይፈርስ ብዬ መስመሩን ስምንት እርምጃ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።

ገመዱ ሲዘረጋ ማጭዱ ሁሉ ቆመ።

«ምኑን ነው የምትለካው? የሞተ ሰው ግብር አይከፍል» አለች አንዲት ሴት በኦሮምኛ። ያን ያህሉን እሰማ ነበር።

«እስካሁን አልከፈለም በይ» አላት አጠገቧ ያለው።

ሳቁ፤ ወደ እኔ ግን ማንም ዞር አላለም። አንዳንዶቹ የመንግሥት ጆሮ ናት እንደሚሉኝ፣ ሌሎቹ ደግሞ እንደ አዲስ አበባ ተማሪዎች አድማ ልታስነሳ ነው እንደሚሉ ቀድሞ ደርሶኛል። ደፍሮ የሚያናግረኝ ባለሱቁ ብቻ ነበር።

«መምህርት፣ ለሙታኑ ፈተና ሊሰጡ ነው እንዴ? በየረድፋቸው አስቀመጧቸው እኮ!»

ውኃ የሚያመጡልን አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሁሉም በአክብሮት «አዴ» ይሏቸዋል። ከማሰሮ በቅል ቀድተው ለእያንዳንዱ ሰው በሁለት እጃቸው ያቀብላሉ። በአንድ እጅ መስጠት በዚያ አገር ነውር ነው። ለእኔም ሰጡኝና ዓይናቸውን ከገመዱ ሳይነቅሉ በአማርኛ «ይህ የማን ነው?» አሉ።

«የትምህርት ቤቱ ነው።»

«የመንግሥት ነዋ» አሉና ቅሉን ተቀብለውኝ ሄዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንሻገር በወንዙ በኩል ያሉት ዘጠኝ ችካሎች ተነቅለዋል። ከሌላው ወገን አንዱም አልተነካም። ከብት ቢሆን ይሰብራቸው ነበር። እነዚህ ግን ተነቅለው ጎን ለጎን ሣሩ ላይ ተጋድመዋል።

ባለሱቁን ጠረጠርሁ። ሰው እንጨት በነፃ አይሰጥም። «በወንዙ በኩል ስንት እርምጃ ተዉ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። መስመሩን ይበልጥ ወደ ውስጥ አስገፍቶ ያንን ለም ዳር ከወኪሉ ሊከራይ ነው ብዬ ደመደምሁ። ለማንም አልተናገርሁም። ችካሎቹን መልሼ መታሁና ሰው ሲበተን ወደኋላ ቀረሁ። የኮፒያ እርሳስ፣ ያንን ሲረጥብ ወይን ጠጅ የሚሆነውን፣ በምላጭ ፍቄ ዱቄቱን በየችካሉ አናት ላይ ነሰነስሁ። ጤዛው የቀረውን ይሠራል። ያ ቀለም በሳሙና እንደማይለቅ ማንም ተማሪ ያውቃል።

ኅዳር አሥራ አንድ፣ ቅዳሜ። ችካሎቹ እንደገና ተነቅለዋል። አጥሩ ሰኞ ሊቆም ነው። የሰዉን እጅ ማየት ጀመርሁ። ሰላም ሲሉኝ መዳፋቸውን፣ ማጭድ ሲይዙ ጣታቸውን አያለሁ። ባለሱቁ እንጨት ሊያወርድ እጁን ሲዘረጋ ሁለት ጣቶቹ ወይን ጠጅ ሆነው አየሁ።

 በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስናገር የራሴ ድምፅ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«እጅዎን ያሳዩኝ።»

«ምነው፣ ሊገርፉኝ ነው?» ብሎ እየሳቀ ሁለቱንም መዳፎቹን ዘረጋ።

«ችካሎቹን የነቀሉት እርስዎ ነዎት። ቀለም ቀብቻቸው ነበር።»

ሳቁን አቆመ። እርሳስ ከጆሮው ላይ አወረደ፣ ጫፉን በምላሱ አራሰና መዳፉ ላይ አሰመረ። ያው ወይን ጠጅ ነው። «በዚህ ነው ጆንያ ላይ ምልክት የማደርገው። እርስዎስ የቀቡበትን እርሳስ ከማን ሱቅ ገዙት?»

ከእሱ ሱቅ ነበር የገዛሁት። ከተማው ውስጥ ሌላ የሚሸጠው የለም።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። «መምህርት ወደቀች!» አለ አንዱ። ባለሱቁ ግን አልሳቀም። «አጎቴ ከዚያ ድንጋይ ሥር ነው ያለው። ለምን ብዬ እነቅላለሁ?» ብሎ ወደ እንጨቱ ተመለሰ።

ያልሳቁ ሌላ ሰው አዴ ነበሩ። ቆይተው ውኃ አመጡልኝ። ቅሉን በአንድ እጅ፣ በግራቸው ሰጡኝ። ቀኙ በነጠላቸው ተጠቅልሎ ነበር። እሳቸው በአንድ እጅ ሲሰጡ አይቼ አላውቅም። ጠጣሁ። 

ስንመለስ ማሰሮውን ተቀብያቸው ከኋላ ቀረን። ግንዱን ከተሻገርን በኋላ «አዴ፣ ቀኝ እጅዎን አሞዎታል?» አልሁ።

ቆሙ። ነጠላውን ፈቱት። መዳፋቸው ከዳር እስከ ዳር ወይን ጠጅ ነበር። «በአመድ አሸሁት፣ በሎሚ አሸሁት። ምን ዓይነት መርዝ ነው፣ ኢንታላ ኮ?» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

«እዚያ ዳር ሰው አለዎት?»

«የመጀመሪያ ልጄ ናት። አርባ ቀን አልሞላትም ነበር። ሴት አትሻገርም አሉ። ከደረቴ አስሬያት ብቻዬን ተሻገርሁ፣ በእጄ ቆፈርሁ። ያኔ ውኃው ሩቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? መስመሩን እኮ ወደዚያ አወጣው ነበር።»

«ገመድ ይዘሻል።» ትንሽ ከሄድን በኋላ ቀጠሉ። «አባቴ ገመድ ለያዘ ሰው መሬቱን በእጁ አሳየ። ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ድንጋይ የእኔ ነው አለ። ሰውየው እንዳንቺ ዝምተኛ ነበር፣ ጻፈ። በዓመቱ አባቴ በዚያው ዛፍና በዚያው ድንጋይ መካከል ጭሰኛ ሆነ። እኔ ገመድ ለያዘ ሰው ጣቴን አልቀስርም።»

ቃላድ ስለሚባለው የመሬት መለኪያ ገመድ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ፈተና ወስጄበታለሁ። ጥሩ ነበር ያገኘሁት። ያን ዕለት ግን ማሰሮውን ተሸክሜ እስከ ቤታቸው ተከተልኋቸው።

በማግሥቱ እሑድ ነው፣ የኅዳር ሚካኤል። ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ጭሱ በየጣሪያው ላይ ተኝቶ ነበር። ባለሱቁ ከሱቁ ፊት ገለባ ሲያነድ አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝ። «ሌላ እርሳስ ልሽጥልዎ?» አለ። ፊቱ ላይ ሳቅ የለም። መዶሻ እንዲያውሰኝ ስለምነው ግን ገብቶ አመጣልኝ። «በሚካኤል ቀን ችካል የሚመታ ሰው አይቼ አላውቅም» አለና ለምን እንደሆነ ሳይጠይቀኝ ወደ እሳቱ ዞረ። እስኪያምነኝ ጊዜ እንደሚፈጅ ገባኝ።

አዴን ከቤታቸው ጠራኋቸውና ወደ ደሴቲቱ ተሻገርን። ደብተሬን ቤት ትቼዋለሁ። ገመዱን አወጣሁና ጫፉን በሁለት እጄ አቀበልኋቸው።

«እርስዎ ይያዙት። እኔ እከተልዎታለሁ።»

ገመዱን ለረጅም ጊዜ ሲያገላብጡት ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ሄዱ። እስከ ውኃው ዳር፣ አፈሩ እስከሚላላበት ድረስ ሄዱ። እኔ በቆሙበት ሁሉ እየቆምሁ ችካል መታሁ። ጫማዬ ውኃ ገባበት። የትኛው ቦታ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም እጃቸውን አልቀሰሩም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሌላው ይልቅ ረዘም አድርገው ቆሙ። እዚያ ሁለት ችካል መታሁ።