«እንዲሁም» እና የሙሽራዋ ፀጉር

ቧንቧው ሁለቴ አስሎ ጸጥ ሲል ሙሽራዋ ራሷን መታጠቢያው ላይ ወደ ኋላ ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ፀጉሯ በሙሉ ቀለም ተቀብቷል። ቀለሙ ቶሎ ካልታጠበ ፀጉር ይበላል፤ ሠርጉ ደግሞ ነገ ነው። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ስልኳን አንስታ ወንድሟ ጋ ደወለች። የውሃ መሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ የሚጽፈው እሱ ነው።

«አንተ፣ ውሃ ጠፋ!»

«እንዴ እህት ዓለም፣ ማስታወቂያ እኮ ተለጥፏል። በርሽ ላይ!»

«አንብቤዋለሁ። የተሸለማችሁ መስሎኝ እሰይ ብያለሁ።»

«መሃሉ ላይ ‹ጊዜያዊ መስተጓጎል› ይላል።»

«መሃሉ ጋ ሳልደርስ ደንበኛ ገባች። ወሬውን ተወውና ውሃ ይዘህ ና! የሰው ልጅ ራስ እየተቃጠለ ነው!»

ወንድምየውን ባልደረቦቹ «እንዲሁም» ይሉታል። ዓረፍተ ነገሩ ሊሞት ሲያጣጥር በዚህች ቃል ነፍስ ይዘራበታል። ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀብሎታል። ሲቀጠር እንዲህ አልነበረም። የመጀመሪያ ረቂቁ አንድ መስመር ነበር። አለቃው አገላብጠው አዩትና፣ «ለዚህ ነው ደሞዝ የምንከፍልህ?» አሉት። ሁለተኛው ረቂቅ ገጽ ሞላ፤ እድገትም አገኘ።

መሥሪያ ቤቱ ያልተጻፈ ሕግ አለው። ረቂቁ ላይ የሚፈርም አለቃ ሁሉ አንድ ሐረግ ይጨምራል። አለቃ የጨመረውን መሰረዝ ንቀት ነው፤ ጸሐፊ የጻፈውን መሰረዝ ግን ሥራ ነው። የዛሬው ማስታወቂያ አራት ጠረጴዛ ዞሯል። አንዱ አለቃ «ቁርጠኝነት» ጨመሩ። ሌላው «ዘላቂና ተደራሽ» አከሉ። ሦስተኛው «ውሃ» የሚለው ቃል የመንደር ወሬ ያስመስለዋል ብለው «አገልግሎቱ» በሚል ተኩት። አራተኛው ቀኑን ወደ ግርጌ አወረዱት። ማኅተም አረፈበት።

«እንዲሁም» ከመሥሪያ ቤቱ ማጠራቀሚያ ሁለት ጀሪካን ቀድቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። እህቱ አጠበች። ፀጉሩ እየተበጠሰ እጇ ላይ ቀረ።

ጥግ ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን ሲጠብቁ የነበሩት የሙሽራዋ እናት አላለቀሱም። ጣታቸውን ወደ በሩ ቀሰሩ።

«እስቲ ልጄ፣ የጻፍከውን አንብብልን።»

አነበበ። መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረው፤ አረፍ ብሎ ቀጠለ።

«ጨረስክ?» አለች ሙሽራዋ ከፎጣው ውስጥ።

«ገና ነኝ።»

«ስለምንድን ነው ግን?»

እህቱ ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

«በስልክ ብትነግረኝ ኖሮ ምን ትለኝ ነበር?»

«ሐሙስ ጠዋት ውሃ ይጠፋል፤ ቀድተሽ አስቀምጪ።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አልጻፍከውም?»

«እሱንማ ማንም ይጽፈዋል!»

«እንግዲያው ማንምን ይቅጠሩልን» አሉ እናትየው።

«እንዲሁም» ማስታወቂያውን ከበሩ ላይ ላጠው። ጀርባውን ገልብጦ በእህቱ የቅንድብ እርሳስ በትልልቁ «እስከ ነገ ጠዋት ውሃ የለም» ብሎ ጻፈና መልሶ ለጠፈው። ከማዶ ያለው ጫማ ሰፊ መንገዱን ሳያቋርጥ አነበበው።

«አሃ! እኔ ቧንቧዬ የተበላሸ መስሎኝ ስፈታታው ነው ያረፈድኩት! ይሄን ማን ጻፈው? ጎበዝ ነው!»

በጽሑፉ ሲመሰገን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ደስ ይበለው ይክፋው አልታወቀም። ባዶ ጀሪካኖቹን አንስቶ ሄደ።

ሙሽራዋ ፀጉሯ እስከ ጆሮዋ ተቆርጦ ተዳረች። «እንዲሁም» የሚቀጥለውን ማስታወቂያ በአንድ መስመር ጽፎ አቀረበ፤ ከአራት ፊርማ በኋላ ገጽ ተኩል ሆኖ ተለጠፈ። እህቱ በርሜል ገዛች።