ከራሱ ጋር የሚያወራው ቃዲር

የልጅ ልጄ ሒሳብ ስትሠራ ታጉተመትማለች። ትናንት "አፍሽን ይዘሽ አትሠሪም?" ብዬ ጮኽኩባት። "እማማ፣ አስተማሪያችን እኮ ናት፣ የምታስቡትን ለራሳችሁ እየነገራችሁ ሥሩ ያለችን" አለችኝ። ክው አልኩ። አሰላ፣ ስምንተኛ ክፍል፣ የቃዲር ጆሮ መጣብኝ።

የክፍል አለቃ ነበርኩ። የሒሳብ አስተማሪያችን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ይወጣል፤ እኔ የሚያወሩትን ስም እጽፋለሁ። ሲመለስ በትራክተር ቺንጋ ይገርፋቸዋል። ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ግን የምገረፈው እኔ ነኝ። ሁለቴ ደርሶብኛል፤ መዳፌ አብጦ እንጀራ መቁረስ አቅቶኝ ነበር።

ቃዲር በዲክሲስ መንገድ ካለ መንደር ጭቃ እየረገጠ ይመጣል። ኪሱ የገብስ ቆሎ አያጣም፤ ያን ቀን ጠዋትም ዘግኖልኛል። ጥያቄ ሲሠራ ለራሱ በኦሮምኛ "ማል ጋፋቴ?" ይላል፤ ምን ጠየቀ? ማለቱ ነው። ከዚያ ራሱ ይመልሳል፣ ከራሱ ይከራከራል። ከሰው ጋር እንደማያወራ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ሚኒስትሪ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ አንዱ ቧንቧ በሃያ፣ ሌላው በሠላሳ ሰዓት የሚሞሉትን ታንከር አብረው በስንት ሰዓት ይሞሉታል ተባልን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የሚጻፍ ስም ጠፋ። የአስተማሪው ጫማ በረንዳው ላይ ሲሰማ፣ ከራስ በላይ ነፋስ ሆነና "ቃዲር" ብዬ ጻፍኩ።

"ከማን ነው የምትኮርጀው?" አለ አስተማሪው።

"ኧረ ቲቸር፣ ከራሴ ጋር ነው የማወራው።"

"ትቀልድብኛለህ?"

ቺንጋው ለመዳፉ ተሰነዘረ፤ ቃዲር ጎንበስ ሲል ጆሮውን አገኘው። ደሙ በአንገቱ ወርዶ ደብተሩ ላይ ተንጠባጠበ። ደገመው፣ ሠለሰው። ቃዲር ወለሉ ላይ ሆኖ "ዐሥራ ሁለት! ዐሥራ ሁለት ሰዓት ነው!" ይላል። ልክ ነበር። ሰውየው መልሱን ሰምቶም አላቆመም፤ እኔም አፌን አልከፈትኩም።

ቃዲር ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። "አንቺም?" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም፤ ፈተናውም አመለጠው። ያ ጆሮው መስማት እንዳቆመ እናቱ ገበያ ላይ ነገሩኝ። ያደረግኩትን አያውቁም ነበርና ቆሎ አፈሱልኝ።

እኔ ተፈተንኩ። አንዱ ጥያቄ ሲጠናብኝ፣ ሳላስበው ከንፈሬ "ማል ጋፋቴ?" አለ። አለፍኩ። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

"አንቺስ እማማ፣ ሲከብድሽ ለራስሽ ምን ትያለሽ?" አለች የልጅ ልጄ። "ማል ጋፋቴ? እላለሁ" አልኳት።

"ከማን ተማርሽው?"

"ስሙን ከጻፍኩት ልጅ" አልኳት።