ላቮን እና የጎረሰው ሽጉጥ

እህቴ ላቮን ኩቤሽ ከከተማችን የእህል ጎተራ ፊት ለፊት፣ ሳንቲም እየተጨመረ የሚታጠብበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ነበራት። በእኛ በኔብራስካ ገጠር የራሱ ማጠቢያ ማሽን የሌለው ገበሬ የለም። ነገር ግን የአሳማ በረት ሽታ የያዘውን ቱታ ሚስቱ «በእኔ ማሽን አታጥብም» ብላ የምታባርረው ወንድ ብዙ ነው፤ የላቮን ደንበኞች እነሱ ነበሩ። ባለፈው ጥር ስንቀብራት ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ የቆሙት፣ ንጹሕ ቱታ ለብሰው የመጡት፣ እነዚያው ናቸው።

ባሏ ከሞተ በኋላ ማታ ሱቁን የምትዘጋው ብቻዋን ነበር። አንድ የመኸር ምሽት አንድ ሰው በጓሮ በር አድፍጦ ጠብቆ ገፍትሮ ጣላት። የእጇ አንጓ ተሰበረ። ሰውየው አልተያዘም። ጄሶው ከወለቀላት በኋላ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ሽጉጥ መግዛት ነው። ይህ በእኛ አገር ማንንም አያስደንቅም፤ ሽጉጥ የሌለው ጎረቤት ቢገኝ የሚወራው ስለ እሱ ነው። በየጠዋቱ እንደ መነጽሯ ትታጠቀዋለች፤ ሸሚዟን ታወርድበታለች፤ ከዚያ ትረሳዋለች።

ነገሩ የተነሣው በፋሲካ ምሳ ላይ ነው። ልጇ ጆሊን ከኦማሃ መጣች። ጆሊን በድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት፤ እዚያ የሚገባውን ሰው ሁሉ ታያለች። እናቷን ስታቅፍ እጇ ወገቧ ላይ ካለው ጠንካራ ነገር ጋር ተጋጨ።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።»

«ኤዲ ባለችበት ቤት?»

ኤዲ የጆሊን ልጅ ናት፤ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። የበጋውን ወራት አያቷ ጋር እንድታሳልፍ ከገና ጀምሮ ተነጋግረው ነበር። ላቮን አልጋዋን ቀለም ቀብታ ጨርሳለች።

«ከወገቤ አይለይም» አለች ላቮን። «ከወገቤ ካልተለየ ማን ይነካዋል?»

«ትተኛለሽ። ሻወር ትገቢያለሽ። ትረሺያለሽ።»

«እኔ ነኝ የምረሳው? ተማሪ ሳለሽ አንድ ቀን ምሳሽን ረስቼ ልኬሽ አውቃለሁ?»

«ምሳ አይተኩስም፣ እማዬ።»

ኮላቼ የሚባለው፣ ፕለም የተሞላው ጣፋጭ ዳቦ ሳይነካ ቀረ። ጆሊን ኮቷን ስትለብስ በሩ ላይ ቁርጡን ተናገረች፤ ሽጉጡ ባለበት ቤት ኤዲ አታድርም። ላቮን ሽጉጡን አልተውም አለች፤ የጓሮውን በር በጨለማ የምትዘጋው እሷ እንጂ ጆሊን አይደለችም። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ መፍትሔ የጠፋው ለዚህ ነው።

መፍትሔ አመጣሁ ያለው ስቱ ነው። ስቱ አሳማ አርቢ ነው፤ የላቮን የረጅም ጊዜ ደንበኛ፣ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ከሆዱ የሰፋ። ከከተማው ውጭ ባለው አሮጌ የጠጠር ጉድጓድ ውስጥ በወር አንድ እሁድ የሽጉጥ ውድድር አለ። በሳንቃ ግድግዳና መስኮት ይሠራል፤ ከኋላው የካርቶን ኢላማ ይቆማል፤ ተወዳዳሪው እየሮጠ፣ ካርታውን፣ ማለትም እጀታው ውስጥ የሚገባውን የጥይት መያዣ፣ እየቀየረ ይተኩሳል። የፈጠነና ያልሳተ ያሸንፋል።

«ልጅሽ የምትፈራው ሽጉጡን አይደለም፣ አንቺን ነው» አላት ስቱ ቱታውን ከማድረቂያው እያወጣ። «ነይና እዚያ ተወዳደሪ። ዳኛው ሚልት ነው። ሚልት የፈቀደለት ሰው እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ሳለ አጠገቤ ሽጉጥ ቢይዝ አልነቃም።»

«አንተማ እንቅልፍ ከወሰደህ መድፍም አይቀሰቅስህም።»

ሆኖም ሄደች። ተመዘገበች፤ የጀማሪዎችን ትምህርት ተከታተለች፤ ቤቷ ምድር ቤት ውስጥ በባዶ ሽጉጥ መለማመድ ያዘች። ከአፎት ታወጣለች፣ ታነጣጥራለች፣ ቃታ ትስባለች፣ ትመልሳለች። አንጓዋ ያብጥና በረዶ ታደርግበታለች። ለጆሊን ደወለችላት፤ «በግንቦት ነይና በዓይንሽ እዪኝ። ካየሽ በኋላም እምቢ ካልሽ ሁለተኛ አልለምንሽም።»



«አንዲት ስህተት ካየሁ ግን አለቀ» አለች ጆሊን። «አንዲት።»

«ይሁን። አለቀ።»

የግንቦቱ ውድድር በሚደረግበት እሁድ ጠዋት ላቮን እንደ ወትሮዋ ለብሳ፣ እንደ ወትሮዋ ታጥቃ ሱቅ ከፈተች። ያሰበችው ወደ ውድድሩ ከመሄዷ በፊት ቤት ተመልሳ ሽጉጡን ባዶ ለማድረግ ነበር። ግን አንዱ ማድረቂያ የጎማ ሽታ ሸተተና ጢሱ ቤቱን ሞላው፤ መስኮት መክፈት፣ ሶኬት መንቀል፣ ደንበኛ ማረጋጋት መጣ። እኔ መኪናዬን አቁሜ ጥሩንባ ስነፋ እጇን እየጠረገች ሮጣ ገባች። መንገዱን ሙሉ የምታወራው ስለ ማድረቂያው ነበር።

ሜዳው ላይ ሰው ሁሉ ሽጉጥ ታጥቋል፤ የማንም ሽጉጥ ግን ጥይት የለውም። የዚያ ስፖርት የመጀመሪያው ሕግ ይኸው ነው። ሚልት ጡረታ የወጣ የዘር ነጋዴ ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ። ተወዳዳሪዎቹን ሰብስቦ ሁልጊዜ የሚለውን አለ።

«እኔ አጉርሱ ሳልል ማንም አያጎርስም። ሽጉጣችሁን መንካት የፈለጋችሁ እዚያ ጠረጴዛ ጋ ብቻ፣ እዚያም ጥይት የሚባል ነገር አይነካም። መኪና ውስጥ ገብታችሁም ቢሆን አትነካኩት። ይህን ያፈረሰ ለዛሬ ተሰናበተ። ቂም የለም፣ ምሳም ይበላል፣ ግን አይተኩስም።» ከዚያ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየን። «ልማድ ሆኖበት ከቤቱ የጎረሰ ሽጉጥ ይዞ የመጣ ሰው አለ? አሁን ከተናገረ አብሬው ሄጄ አስወጣለታለሁ፣ ቅጣት የለውም። ከዚህ በኋላ ግን አለው።»

ማንም እጁን አላነሣም። ላቮን ራሷን ነቀነቀች። እንዲያውም ስቱን በክርኗ ጎሸም አድርጋ፣ «ያንተ የጎረሰው ሆድህ ብቻ ነው» አለችው።

ጆሊን ከገመዱ ወዲያ፣ የተመልካች አግዳሚ ላይ፣ እጆቿን አጣምራ ተቀምጣለች። ኤዲን ለልጅቷ አባት ትታ ነው የመጣችው። የሰጧትን የጆሮ መከላከያ አድርጋለች፤ ዓይኗ ግን ከእናቷ ወገብ አልተነሣም።

ውድድሩ ተጀመረ። አንዱ ተኩሶ ሲጨርስ ሌሎቻችን ወደ ኢላማዎቹ እንወርድና ቀዳዳዎቹን ቡናማ ወረቀት እንለጥፍባቸዋለን። ላቮን ወረደች፣ ጎንበስ አለች፣ ለጠፈች፣ ተመለሰች። ሰው ይጋፋል፣ ይሳሳቃል። ስቱ ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን በሰፊ እጁ መታ አደረጋት። ተራዋ ሊደርስ ሦስት ሰው ሲቀር ሸሚዟን ከሽጉጡ ኋላ ልትወሽቅ ወደ ታች ተመለከተች።

ያኔ ነው ያየችው። የሌሎቹ ሁሉ ሽጉጥ እጀታ ከታች ክፍት ነው፤ ካርታ የለበትም። የእሷ ግን ተደፍኗል።

ሸሚዙን መልሳ አወረደች። ወደ እኔ ስትመጣ ፊቷ የነጣ ወረቀት መስሎ ነበር።

«ጎርሷል» አለች በቀስታ።

«ምኑ?»

«አትጩህ። ከጠዋት ጀምሮ ጎርሷል። እሱን ይዤ ነው ከሰው ጋር ስጋፋ የቆየሁት።»

 መኪናው ቅርብ ነበር፤ ግን እዚያ ገብታ ብትነካው ያው ጥፋት ነው። ጠረጴዛው ጋ ጥይት ማውጣት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። አንድ መንገድ ነበር፤ ሁለታችንም አውቀነዋል። ተራዋ ሲደርስ ሚልት «አጉርሺና ተዘጋጂ» ይላታል። ያኔ ሽጉጡን አውጥታ እንዳጎረሰች መስላ ብትቆም፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል አንድም የሚያውቅ የለም። ትተኩሳለች። ጆሊን ታያለች። ኤዲ ትመጣለች።

ከግድግዳው ወዲያ ተኩሱ ይንጣጣል። ሚልት ውድድሩን የሚለካባት ሰዓት ጮኸች። ሁለት ሰው ቀረ።

«ጥቂት ነው የቀረሽ» አልኳት። «ዝም ብለሽ ቁሚ። አትንኪው ብቻ።»

 ቀኝ ክርኗን ሽጉጡ ላይ ጫን አድርጋ፣ ግራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። አንድ ጊዜ ወደ አግዳሚው ተመለከተች። ጆሊን እጇን ከፍ አድርጋ ሰላም አለቻት፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። ያቺ ሰላምታ ባትመጣ ኖሮ ይቀላት ነበር።

«ወረቀት የምትለጥፉ፣ ውረዱ!» ብሎ ስቱ ተጣራ። ሰው መውረድ ጀመረ። «ላቮን፣ ምን ተገትረሻል? ደመወዝ እስኪከፈልሽ ነው?»

ላቮን አልተንቀሳቀሰችም። ሁለቱንም እጆቿን ወደ ላይ አነሣች፤ ትከሻዋን አሳልፋ፣ እንደተማረከ ሰው።

«ሚልት» አለች። ድምጿ አልተሰማም። ደገመችው። «ሚልት! ሽጉጤ ጎርሷል።»

የወረዱት ሁሉ ባሉበት ቆሙ።  ሚልት ሰዓቷን ኪሱ ከተተና ሳይቸኩል መጣ።

«እጅሽን እንደዚያው አድርጊ። ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቤት ጀምሮ። አሁን ነው ያየሁት።»

«ነክተሽዋል?»

«አልነካሁትም።»

«ደግ አደረግሽ። ሁላችሁም ከኋላዬ ሁኑ!» ሰው ሁሉ ወደ ኋላው እስኪመለስ ጠበቀ። ከዚያ ጥይት ወደሚያስቆመው የአፈር ክምር ወሰዳትና ፊቷን ወደዚያ አዞረ። «ቀስ ብለሽ አውጪው። አፈሙዙ አፈሩ ላይ። ካርታውን ንቀይ። አሁን ወደ ኋላ ጎትቺ።»

ጥይቷ ብልጭ ብላ ወጥታ ጠጠሩ ላይ ወደቀች። ላቮን ልታነሣት ጎንበስ ልትል ስትል፣ «ተያት» አላት ሚልት። «አሳዪኝ። ባዶ ነው። ቃታውን ሳቢ። ወደ አፎቱ መልሺ።» ከዚያ ቆብ የሌለው ራሱን አከከ። «ጠዋት ጠይቄ ነበር፣ ላቮን።»

«ጠይቀሃል።»

«እንግዲህ ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ።»

«ለዛሬ ጨርሰሻል።»

 ስቱ እንኳ ቀልድ አልመጣለትም። ላቮን ሽጉጡን ከነአፎቱ ፈትታ አንድ ቦርሳ ውስጥ ከተተች፣ ለሚልት ሰጠችው፣ ከዚያ የወረቀቱን ጥቅል አንሥታ ኢላማ ልትለጥፍ ወረደች። የተሰናበተ ሰው እስከ መጨረሻው ቆሞ መርዳቱ የዚያ ሜዳ ልማድ ነው፤ ብትሄድም ማንም አይቀየማትም ነበር።

ጆሊን በገመዱ ሥር ሹልክ ብላ አልፋ ከታች አገኘቻት። እኔ ቀጣዩ ኢላማ ጋ ነበርኩ።

«ረስተሽው ነው?»

«ረስቼው ነው።»

«ከጠዋት ጀምሮ ወገብሽ ላይ ሆኖ?»

«አዎ።»

«ኤዲ ብትኖርስ? ጭንሽ ላይ ዘላ ብትወጣስ?»

ላቮን አንድ ቀዳዳ ለጠፈች፣ በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። «እሱን ነው የማስበው። ልጅቷን አታምጪያት፣ ጆሊን። አንቺ አታምጪ ብትዪኝም ባትዪኝም፣ አሁን እኔ ራሴ አልቀበላትም። ስህተት አልሠራም ብዬሽ ነበር። ሠራሁ። እንደ ሸሚዝ ነው የለመድኩት፣ አልከብደኝ ብሏል።»

ጆሊን የቆመችበትን ጠጠር በጫማዋ ገፋ ገፋ አደረገች።

«ዝም ብትዪ ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም።»

«አጎቴስ?»

«እሱማ ዝም በዪ ነው ያለኝ።»

ጆሊን ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። እኔ ሥራ ላይ መሆኔን ለማሳየት ያልተቀደደ ቦታ ለጠፍኩ። ከዚያ ከእናቷ ጥቅል ላይ ወረቀት ቀደደችና፣ የዚያኛውን ጎን መለጠፍ ጀመረች። ስቱ ከላይ ሆኖ፣ «አያችሁ፣ ነርሷን በነጻ አሠራናት!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቅ ተመለሰ። እነሱ ግን አልሳቁም።

ኤዲ በሰኔ አልመጣችም። በሐምሌም አልመጣችም። ላቮን ከዚያ እሁድ በኋላ ሽጉጡን ወደ ቤቷ አላስገባችውም። ከሱቁ ወለል ጋር በብሎን የታሰረ የብረት ሳጥን አሠራች፤ በጠዋት ባዶ እጇን ትመጣለች፣ ማታ የጓሮውን በር ለመዝጋት ብቻ ትታጠቀዋለች፣ ከዘጋች በኋላ መልሳ ትቆልፍበታለች። ከሱቁ እስከ መኪናዋ ያለችውን መንገድ ያለ እሱ ትሄዳለች። ያቺ መንገድ ምን ያህል እንደምትረዝምባት ስጠይቃት «አትጠይቀኝ» ብላኝ ነበር። ውድድሩን ግን አልተወችም። በየወሩ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ትወጣለች፤ ሚልትም ሁልጊዜ ስብሰባው ላይ ያቺን ጥያቄ ሲጠይቅ እሷ ሸሚዟን ገልጣ ታሳየዋለች።

በነሐሴ አንድ ሐሙስ ጆሊን ሳትደውል መጣች። ኤዲ ከኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

«የት ነው ያለው?» አለች ከመኪና ሳትወርድ።

«ሱቅ።»

«አሳዪኝ።»

ሄዱ። ላቮን ሳጥኑን ከፈተች፣ ሚልት እንዳስተማራት አፈሙዙን ወደ ወለሉ አድርጋ ካርታውን ነቀለች፣ ጎትታ ባዶውን አሳየቻት። ጆሊን ተጠግታ ጣቷን ከትታ አረጋገጠች። ቆልፈው ወጡ። ቤት ሲደርሱ ጆሊን ኤዲን አቅፋ፣ ቀለም የተቀባው አልጋ ላይ አስተኝታ፣ እናቷን ጉንጯ ላይ ስማ ወጣች።

ላቮን በመስኮት ስታያት ነበር። ጆሊን ሞተሩን አስነሥታለች፣ መብራቱን አብርታለች፣ ግን አልሄደችም። መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ቤቱን እያየች ተቀምጣለች። ላቮን ልትወጣ አስባ ነበር፤ አልወጣችም። ቆይቶ መኪናው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ወጣና ወደ ኦማሃ መንገድ ታጠፈ።