የስርጉዱ ባለቤት

እሳቷ ይሏታል። ቅጽል ስሙ ከምድጃ ጋር በመዋሏ የወጣላት የሚመስለው ሰው፣ አንድ ቀን ስትናደድ ካያት ሐሳቡን ይቀይራል።

መጋገር ለእሷ ዘፈን ነው። ዱቄት ስትነፋ ታንጎራጉራለች፤ እንቁላል ስትመታ ትከሻዋ አብሮ ይወዛወዛል፤ ኬኩ ኩፍ ብሎ ጠርዙ ወርቅ መምሰል ሲጀምር ደግሞ፣ ሕፃን እንዳስተኛች እናት በእግሯ ጣት ነው የምትሄደው። ከጣፋጭ ሁሉ የምትወደው አንድ ነው፤ እሱም ስርጉዱ። የሎሚ ኬክ ነው። መሃሉ እንደ ቆንጆ ጉንጭ ሰርጎድ ይላል፤ እዚያ ላይ በስኳር የፈላ የሎሚ ጭማቂ ይፈስበትና እስከ ሥሩ ይርሳል። ቤተሰቡ ግን “የእትዬ ኬክ” ይለዋል። እትዬ የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው።

“እትዬ፣ ከየት አገኙት?” ብላ ያልጠየቀችበት ጊዜ የለም።

“ከራሴ ነዋ! ሌላ ከየት ይመጣል?”

“ግን መሃሉ ለምን ይሰምጣል?”

“አንቺ ልጅ፣ ስትበይ አትመራመሪ!”

የእትዬ ልጅ ኬክ ቤት ሊከፍት ሲነሳ፣ “ጋጋሪ እቤታችን እያለች ደጅ ለደጅ ምን አንከራተተኝ” ብሎ እሳቷን ወሰዳት። ግድግዳው ላይ የእናቱን ትልቅ ፎቶ ሰቀለ፤ ከሥሩም “የእትዬ ስርጉድ” ብሎ አጻፈበት። ኦቨኑ አዲስ ነው፤ በሩ መስታወት፣ ውስጡ ባለመብራት። እሳቷ ፊቱ ተቀምጣ ኬኩ ሲነሳ አየች። ተነሳ፣ ተነሳ፣ ሆዱን ነፍቶ ቀረ። ደገመችው፤ ያው ነው። ሠለሰችው፤ ወይ ፍንክች!

“ምነው እሳቷ፣ ይኼ እኮ ትራስ ነው!” አለ የአክስቷ ልጅ። “እማዬ ስትሠራው ይሰረጉዳል።”

“እትዬ ሲሠሩት ዓይተህ ታውቃለህ?”

“እጇን ታስገባለች ማን አለ? የምትጋግረውማ እናትሽ ናት። እማዬ ቆማ ታሠራለች።”

እሳቷ ሽርጧን ሳታወልቅ ወደ ቤቷ ሄደች።

እናቷ የደረቀ ልብስ ታጣጥፋለች። ይህቺ ሴት የእትዬን ቤት የረገጠችው ሙሽራ ሆና አይደለም፤ ማድ ቤት ተቀጥራ ነው። የእትዬ ታናሽ ወንድም ወደዳት፣ አገባት። ቤተሰቡ ጋብቻውን ዋጠው፤ ግን እሱ ከሞተ በኋላ እንኳ ጉሮሯቸው ላይ እንደተሰነቀረ ነው።

“አዲሱን ኦቨን ማን ይከፍትብሻል?” አለች እናቷ፣ ነገሩን ስትሰማ።

“ማንም። በመስታወት ይታያል።”

“እሱ ነዋ!” ሳቀች። “ያኔ እትዬ አያምኑኝም ነበር። ቅቤውን ለራሴ የማስቀር፣ እንቁላሉን የማጎድል ይመስላቸዋል። ገና ሳይበስል ይመጡና በሩን ብርግድ! ያደርጉታል። ብርድ ሲመታው ልቡ ይወድቃል። ‘አበላሸሽው!’ ይሉኛል ደግሞ። አንድ ቀን እንግዳ በር ላይ ደርሶ ኬኩ ሰመጠ። ምን ልሁን? ሎሚ ጨምቄ፣ በስኳር አፍልቼ፣ ጉድጓዱ ላይ አፈሰስኩበት። እንግዶቹ ጣታቸውን ላሱ። ‘ማን ሠራው?’ ሲሉ ‘እኔ’ አሉ እትዬ።”

“አንቺስ?”

“እኔማ ሳህን እያነሳሁ ነበር።”

“እና ዝም አልሽ!”

“ምን ልበል ልጄ? ማደሪያዬ ነበር።” ከዚያ ያንን ሽሮፕ ባማሰለች ቁጥር የምታዜማትን፣ ልጅቷም የሎሚ ዘፈን ብቻ ትመስላት የነበረችውን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አዜመች፤

ሎሚም ተጨመቀ፣ ስኳሩም ነጠረ፣
ያቃጠለኝ ነገር በሆዴ ውስጥ ቀረ።

የእሳቷ ደም ፈላ። ዕድሜዋን ሙሉ የፈገግታ ስርጉድ ስትለው የኖረችው፣ ለካስ የጥርጣሬ ጉድጓድ ኖሯል! አበላሸሽ ተብላ የተሰደበችው ሌላ፣ እጅሽ ይባረክ የተባለችው ሌላ! ይኼን ማን ይዋጠው?

የኬክ ቤቱ ምረቃ ቀን ወንበሩ ሁሉ ሞላ። እናቷን በር ሥር፣ ንፋስ የሚመታት ቦታ አስቀመጧት። እሳቷ ከውስጥ ሆና አየችና ጥርሷን ነከሰች። ሽሮፑ ድስት ውስጥ ይፈላል፤ ኬኮቹ ኦቨን ውስጥ ተኮፍሰዋል። እትዬ ከነሽቶአቸው፣ ልጃቸውን አስከትለው ገቡ።

“ዛሬም ትራስ ነው የምታወጪልን?” እጃቸው ወደ ኦቨኑ ሄደ።

“አይክፈቱት እትዬ! በመስታወቱ ይታያል።”

“ሰው በመስታወት ይታመናል እንዴ?” ብለው በሩን ብርግድ አደረጉት።

የላይኛው ኬክ እንደ ተከፋ ሰው ትንፋሹን ለቀቀና ሰመጠ። ልጃቸው አጨበጨበ። “አየሽ! ያለ እማዬ እጅ አይሆንም አላልኩሽም?”

“እውነትህን ነው” አለች እሳቷ። የሰመጠውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ድስቱን በጨርቅ ይዛ ከፊታቸው ዞር አደረገችው። “ጉድጓዱ የእሳቸው ነው፤ ማንም አይቀማቸውም። የሚሞላው ግን የእናቴ ነው። እናቴ ከዚያ ከበር ሥር ተጠርታ፣ የማን እንደሆነ በሰው ፊት እስኪነገር አንዲት ጠብታ አላፈስም። ከፈለጋችሁ ባዶ ጉድጓድ ሽጡ!”

“ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!”

“ይስማ እንጂ! ለሹክሹክታ ነው እንዴ የምጮኸው?”

“ምስጋና ቢስ!” አሉ እትዬ። “እናትሽን ከማድ ቤት ያነሳናት እኛ…”

“አላነሳችኋትም! እዚያው ነው የተዋችኋት!”

ውጭ ያሉት እንግዶች አንገታቸውን ወደ ማድ ቤቱ አሰገጉ። የአክስቷ ልጅ ባዶውን ኬክ አየ፣ እናቱን አየ፣ ላቡን ጠረገና ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ “አንቺ” በሚላት ሴት ፊት ቆሞ፣ “እስቲ ይግቡ… ኬኩ የእርስዎ ነው አሉ” አለ አንገቱን ደፍቶ።

“አልተሰማም!” አለ አንድ ሽማግሌ ከጥግ።

“የእርስዎ ነው አልኩ! የሠሩት እርስዎ ነዎት!”

እናቷ ሹራቧን እየሰበሰበች ማድ ቤት ገባች። ማንንም ቀና ብላ አላየችም። ኬኩን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው፣ ድስቱን ከልጇ ተቀበለች፣ ሽሮፑን ቀስ አድርጋ ስርጉዱ ላይ አፈሰሰች። አንዲት ጠብታ ወደ ውጭ አልወጣችም። ከዚያ ዞር ስትል ኦቨኑ አፉን እንደከፈተ ነው፤ ከታች ያለው ኬክ ገና ነው።

“እትዬ፣” አለች፣ “በሩን ይዝጉት እንጂ። ብርድ ይገባዋል።”

እትዬን እንዲህ ያድርጉ ያላቸው ሰው ታይቶ አይታወቅም። በሩን ገፋ አድርገው ዘጉት።

የእሳቷ ንዴት ግን እስከዛሬ አልበረደም። ፎቶው እንደተሰቀለ ነው፤ የተነሳው ከሥሩ የነበረው ጽሑፍ ብቻ ነው። “ስንት ዓመት ሙሉ!” ትላለች እንቁላል እየመታች። “እናቴ አሁንም እኮ ‘እትዬ፣ እርስዎ’ ትላቸዋለች!” ከዚያ ወዲህ ግን ኦቨኗ በር ላይ ማንም ዝር አይልም። ስርጉዱ ሲጋገር ብቻ፣ እናቷ ከወንበሯ ተነስታ ትመጣና፣ እያዜመች፣ ገና ሳይበስል በገዛ እጇ ትከፍተዋለች።