ሁለተኛው ጠርሙስ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሰላም ከኮዬ ፈጬ መጥታ ምሳ ሳንጨርስ ደብተሯን ዘረጋች። እኔ በተማርኩበት የአቃቂ ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። የክርክር ክበባቸው ርዕስ ተሰጥቶታል፤ «ለኒውክሌር ቦምብ ተጠያቂው ሳይንቲስቱ ነው ወይስ ፖለቲከኛው?» ሽሮው ትን አለኝ። በዚሁ ርዕስ እኔም በእሷ ዕድሜ ተከራክሬያለሁ፤ ያውም በገዛ መሣሪያዬ።

ወሩ ጥቅምት ነበር፤ መንገዱ ገና ከጭቃው አልተላቀቀም። ተጋጣሚዎቻችን ከመሀል ከተማ የሚመጡ አንደበተ ርቱዕ ልጆች ናቸው። የክበባችን ሊቀመንበር ታደሰ በንግግር እንደማንችላቸው ስለገባው ኬሚስትሪ ወዳዱን እኔን ጠራኝና «አንድ የሚገማ ነገር ሥራልኝ» አለኝ። የተበላሸ እንቁላልና ከቆዳ ፋብሪካው በታች የቀዳሁትን የወንዝ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ደፍኜ ፀሐይ ላይ አሰነበትኩት። እኛ የአቃቂ ልጆች በፋብሪካው ሽታ ነው ያደግነው። ሳሸትተው ምንም ስላልመሰለኝ ሌላ እንቁላል ጨመርኩበት፤ አሁንም ደካማ መሰለኝና ደገምኩት። ኩራቴ ለጉድ ነበር!

በክርክሩ ቀን እኔ «ሳይንቲስቱ ዕውቀት ፈላጊ እንጂ ገዳይ አይደለም» እያልኩ ስፎክር፣ ታደሰ በእንግዶቹ አግዳሚ ሥር ጠርሙሱን ከፈተው። የእኛ ሰዎች ምንም ሳይመስላቸው እንደተቀመጡ እንግዶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ተሯሯጡ። አንዷማ ራሷን ስታ ወደቀች። ሎሚ አፍንጫዋ ሥር ይዘው አነቋት።

ዳይሬክተሩ ሁለታችንን ቢሯቸው አቆሙን። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ከማየት በቀር ሌላ ምኞት አልነበረውም። ብባረር ምን ብዬ ፊቱን አያለሁ?

«እኔ የሠራሁት ብቻ ነው፤ ያዘዘኝ ታደሰ ነው!» አልኩ።

ታደሰም «እኔ ያዘዝኩት ብቻ ነው፤ እሱ ባይሠራው ምኑን እከፍተው ነበር?» አለ።

ዳይሬክተሩ ሳቃቸው አመለጣቸው። «በሉ፣ ክርክሩን እናንተው ጨረሳችሁት» ብለው ለሁለታችንም የአንድ ወር ሽንት ቤት ማጽዳት ፈረዱብን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሌላ አለህ? ዋሽተህ ከተገኘህ ትባረራለህ» አሉኝ።

«የለም» አልኩ።

ነበረ። የመጀመሪያው አላረካኝ ብሎ የባሰውን ሠርቼ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቀብሬው ነበር።

ሰላም ይህን ስትሰማ ሳቋን አቋረጠች። «አባባ! እዚያ እኮ ሰሞኑን አዲስ ክፍል ሊሠሩ እየቆፈሩ ነው።»

«ምን ላድርግ፣ ታደሰ እኮ ነው...» አልኩ፣ ከልማድ።

«የመጀመሪያውን ታደሰ ነው እንበል» አለችኝ። «ሁለተኛውንስ ማን አዘዘዎት?»

ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ እያወራሁ ሰው ሳስቅ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ከዘራዬን ይዤ የአሁኗ ዳይሬክተር ቢሮ በር ላይ ቆምኩ። ገባሁና «አጥሩ ሥር የተቀበረ ጠርሙስ አለ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ።